ቀለሙን ተዉት፣ መቀመጫውን አንብቡ፦ የጣልያን ቀለሃ በጅማ

ከመድፍ የወጣ የነሐስ ቀለሃ ሰው እጅ ከገባ ሥራ አያጣም። ቡና ይወቀጥበታል፣ አበባ ይሰካበታል፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ ደወል ይሆናል። ምንም ካልሆነ ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል። ጅማና ዙሪያዋ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢገኝ አይገርምም። ጣልያን ደቡብ ምዕራቡን ያስተዳድር የነበረው ከዚሁ ከተማ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. የቀሩት ጥቂት አውሮፕላኖቹ ከጅማ ሜዳ ይነሡ ነበር። በጁን መጀመሪያ ከእንግሊዝ ጋር የመጣው የናይጄሪያ ብርጌድ አባልቲ ላይ የኦሞን ወንዝ ተሻገረ፤ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ተያዘች። የገረሱ ዱኪ አርበኞችም በዚሁ አገር ሲዋጉ የኖሩት አብዛኛውን ጊዜ ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚገኝ ቀለሃ የጣልያን ሊሆን ይችላል፣ የእንግሊዝ ሊሆን ይችላል፣ ከወረራው በፊት የንጉሡ መንግሥት ከቤልጅግ ያስመጣውም ሊሆን ይችላል።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ግን ስለ ቀለም ነው። ቀይ ምን ማለት ነው? ቢጫ ቀለበት ካለውስ? ሰማያዊ ከሆነ የልምምድ ነው አይደል? መልሴ አጭር ነው፦ ከሰማንያ ዓመት በላይ እርጥብ አፈር ውስጥ የቆየ ብረት በቀለሙ አይታወቅም። ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው፣ ይለቃል። መቀመጫው ላይ፣ ማለትም በቀለሃው ታችኛ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ፣ በማኅተም የተመታው ጽሑፍ ግን ብረቱን ሰርጉዶ የገባ ስለሆነ፣ ነሐሱ እስካልተበላ ድረስ ይኖራል። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው እሱን ስለማንበብ ነው።

አንድ ወሰን ከወዲሁ ይታወቅ። የሚነበበው ባዶ ቀለሃ ብቻ ነው። ባዶ የምለው አፉ ክፍት የሆነ፣ በባትሪ ሲታይ ውስጡ እስከ ታች ባዶ መሆኑ የሚታይ፣ መቀመጫው መሐል ላይ ያለው ካፕሱል፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክዳን፣ በመርፌ ተመትቶ የጎደጎደ ነው። ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ ዕቃው ባዶ አይደለም። አፉ ላይ ሹል አረር የተሰካበት፣ ሁለት ጫፉ የተዘጋ፣ ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር አይነሣም፣ አይገለበጥም፣ አይታጠብም። እሱን በተመለከተ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ቀለም ለምን አያስተማምንም?

የመጀመሪያው ምክንያት አፈሩ ነው። የጅማ አፈር ቀይ ነው፤ ቡና ለመትከል ጉድጓድ የቆፈረ ሁሉ ልብሱ ላይ አይቶታል። ይህ አፈር የብረት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ የተቀባ ቀይ ይመስላል። ብረቱ ራሱ ሲዝግም ቀይ ቡናማ ይሆናል። በዚህ ላይ የነሐስና የመዳብ ዝገት አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ቀለበት አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው የዛገ የመዳብ ቀለበት ነው።

ሁለተኛው ቢጫው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ጣልያኖች ለመድፍ አረር ከተጠቀሙባቸው ፈንጂዎች አንዱን "ፔርቲቴ" ይሉታል፤ ፒክሪክ አሲድ ነው። ደማቅ ቢጫ ነው፣ የነካውን ሁሉ ያቀልማል። ከብረት ጋር ለረጅም ዘመን ሲቆይ ፒክሬት የሚባሉ ጨዎች ይሠራል፤ እነዚህ ከፈንጂው ራሱ ይልቅ ለመነካትና ለመፋቅ በጣም ስሱ ናቸው። በአረሩ አፍንጫ ዙሪያ ወይም በስንጥቁ በኩል የወጣ ቢጫ ዱቄት ሲታይ "ቢጫ ቀለም ተቀብቷል" ብሎ በጥፍር መፋቅ ሊሠራ ከሚችል ስሕተት ሁሉ የከፋው ነው። ሌላው የተለመደ ሙሌት "ትሪቶሎ" ይባላል፤ ይህ የቲኤንቲ የጣልያንኛ ስሙ ነው። በቀለም የተጻፈ ቃል ከርቀት ቢነበብና ከሁለቱ አንዱ ቢሆን፣ የሚነግራችሁ የውስጡን ፈንጂ ስም እንጂ ዕቃው መክሸፉን አይደለም።

ሦስተኛው፣ የቀለም ሕግ የአገርና የዘመን ነገር መሆኑ ነው። ዛሬ በኔቶ አገሮች ሰማያዊ የልምምድ ነው። ይህ ሕግ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ በ1930ዎቹ በተሠራ ነገር ላይ አይሠራም። እንግሊዞች በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት ፈንጂ የሞላበትን የመድፍ አረር ወደ ቢጫ በሚያደላ ቀለም ይቀቡት ነበር፤ አፍንጫው አጠገብ ያለች ቀይ ቀለበት መሞላቱን ትናገራለች። አንድ ሰው የእንግሊዙን ሰንጠረዥ ይዞ የጣልያኑን ዕቃ ቢያነብ፣ ወይም በደርግ ጊዜ የገባውን የሶቪየት ግራጫ አረር የጣልያን ነው ብሎ ቢነሣ፣ የሚደርስበት መደምደሚያ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

በቀለም ከሚታወቁት የጣልያን ዕቃዎች ውስጥ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አንድ አለ፦ የ1935 ሞዴል የእጅ ቦምቦች። ብሬዳ፣ ኦቶ እና ኤስ-አር-ሲ-ኤም የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች ናቸው፤ ሦስቱም ቀይ ይቀቡ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች "ቀይ ሰይጣን" የሚል ስም አወጡላቸው። ኤስ-አር-ሲ-ኤም የሚባለው ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው፤ አነስተኛ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ያክላል። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም። ቀዩ ከለቀቀ በኋላ የሚቀረው ደብዛዛ ነጭ ጣሳ ነው፤ ልጅ ቢያየው የሽቶ ወይም የመድኃኒት ዕቃ ይመስለዋል። እነዚህ ቦምቦች የሚፈነዱት በሰዓት ሳይሆን መሬት ሲነኩ ነው፤ በየትኛውም ጎን ቢወድቁ እንዲሠሩ ተደርገው ተሠርተዋል። በዚያን ጊዜ ተወርውሮ ሳይፈነዳ የቀረ ከሆነ መከላከያው ወጥቷል ማለት ነው፤ የሚጠብቀው ሁለተኛ ምት ብቻ ነው። ቀይ ሆኖ ቢገኝም ቀይ ባይሆንም ያው ነው።

መቀመጫውን ማንበብ

ወደ ባዶው ቀለሃ እንመለስ። ጽሑፉን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ዘመኑ ሳይሆን አጣቢው ነው። ነሐስ በአመድና በሎሚ ሲታሽ ያምራል፤ ግን ሎሚው ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ነሐሱንም ይበላል፣ አመዱ ደግሞ የፊደሎቹን ጠርዝ ይሞርዳል። ለዓመታት በየበዓሉ የተወለወለ ቀለሃ ከአፈር ከወጣው ይልቅ ለማንበብ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በሽቦ ብሩሽ፣ በአሸዋ ወረቀትና በመፍጫ ማሽን አይነካ። እሳት ውስጥ ከቶ አፈሩን ማቃጠልማ አይታሰብም፤ የቀረ ካፕሱል ወይም ባሩድ ካለ እዚያው ይፈነዳል።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ሦስት መላዎች አሉ። አንደኛው የጎን ብርሃን ነው። ክፍሉን አጨልሞ የስልኩን ባትሪ ከመቀመጫው ጋር ሊተኛ እስኪል ዝቅ አድርጎ ከጎን ማብራት። ቀለሃው ባለበት ይቀመጥ፣ ብርሃኑ ይዙር፤ ከአንድ በኩል የማይታይ ፊደል ከሌላ በኩል ጥላ ጥሎ ይወጣል። ሁለተኛው ጠመኔ ነው፤ ነጭ ጠመኔ ፈጭቶ መቀመጫው ላይ መነስነስና በደረቅ ጨርቅ ገጹን ብቻ መጥረግ። ዱቄቱ በሰረጎደው ፊደል ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው ልጆች ሳንቲም ላይ የሚሠሩት ነው፤ ስስ ወረቀት አልብሶ በእርሳስ ጎን መቀባት። እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፣ ወረቀቱ በትክክለኛ መጠኑ መዝገብ ሆኖ ይቀራልና።

ፎቶ ሲነሣ ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ይሁን። አንዳንድ ስልክ በፊት ካሜራው ያነሣውን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጣል፤ እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ "የማይታወቅ ጽሑፍ አገኘሁ" የሚል ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ፊደሎቹን እዚህ በምናውቀው የእንግሊዝኛ አጠራር እጽፋለሁ። በጠመንጃና በመትረየስ ቀለሃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። ቢ ብቻዋን ከሆነች የቦሎኛ፣ ሲ ብቻዋን ከሆነች የካፑዋ የመንግሥት ጥይት ፋብሪካ ናት። በእነዚህ ላይ የሠሪው ሳይሆን የተቆጣጣሪው ስም መነሻ ፊደሎችም ይመታሉ፤ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ፊደሎች ሲታዩ ሌላ ፋብሪካ መፈለግ አያስፈልግም። ኤስ-ኤም-አይ የሶቺዬታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና ነው። ቢ-ፒ-ዲ ቦምብሪኒ ፓሮዲ ዴልፊኖ ነው፤ ፋብሪካው በኮሌፌሮ ነበር። ጂ-ኤፍ-ኤል ጁሊዮ ፊዮኪ፣ ሌኮ ማለት ነው። በዝገት የተበላ ቢ-ፒ-ዲ ላይ ቢ ብቻ ቀርታ ቦሎኛ ተብላ ትነበባለች። ከእሷ አጠገብ ሌላ ፊደል የሚያክል ባዶ ቦታ ካለ ይጠርጠር።

ዓመቱ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ባለ ሦስት አኃዝ ዓመት ነው። ጣልያኖች የመጀመሪያዋን 1 ብዙ ጊዜ ይተዋታል፤ 936 ማለት 1936 ነው። ይህን የምርት ተራ ቁጥር አድርጎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ወደ እኛ ዘመን ሲመለስ 1928 ወይም 1929 ይሆናል፤ ወሩ ስለማይጻፍ ከዚህ በላይ አይጠብም።

ሁለተኛው የሮማ ቁጥር ነው። ፋሺስቶቹ ሮም ከገቡበት ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር፤ ይህ ቁጥር ካርካኖ በሚባለው የጣልያን ጦር ጠመንጃ አፈሙዝ ላይና በሠሯቸው ሕንፃዎች ላይ በብዛት ይታያል። ለኛ ሰው ደስ የሚል አጋጣሚ አለው። ዓመታቸው የሚለወጠው በጥቅምት 17 ወይም 18 ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ አንድ ወር ተኩል ገደማ ብቻ። ስለዚህ የእነሱ ዓመት ከኛ ዓመት ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም፦ የሮማው ቁጥር ላይ 1914 ሲደመር ዓመተ ምሕረቱ ይወጣል። ኤክስ-አይ-ቪ፣ እኛ ፲፬ ብለን የምንጽፈው፣ 14 ነው፤ 14 እና 1914 ሲደመሩ 1928። ኤክስ-አይ-ኤክስ 19 ነው፤ 1933 ይሆናል፣ ንጉሡ የተመለሱበት ዓመት። የሮማው ቁጥርና የአውሮፓው ዓመት አንድ ላይ ከተገኙ ደግሞ ጊዜው ይጠባል። 936 እና 14 አብረው ያሉበት አፈሙዝ የተመታው በጃንዋሪ 1 እና በኦክቶበር 27 ቀን 1936 መካከል ነው፤ በኛ ከታኅሣሥ 22 ቀን 1928 እስከ ጥቅምት 17 ቀን 1929።

የሮማ ቁጥር ሲገለበጥ ግን ያታልላል። በክብ መቀመጫ ላይ ላይና ታች የለም። ኤክስ-አይ፣ ማለትም 11፣ ተገልብጦ ሲታይ አይ-ኤክስ፣ 9 ይሆናል። ኤክስ-አይ-ኤክስ ቢገለብጡትም ያው ራሱ ነው። አቅጣጫውን የሚነግረው አጠገቡ ያለው ፊደል ነው፤ ቢ ወይም ፒ ቀጥ ብላ ስትነበብ ቁጥሩም ቀጥ ብሏል። በዚያ ላይ የእንግሊዝ የጠመንጃ ቀለሃ ላይ ቪ-አይ-አይ የሚል የሮማ 7 በብዛት ይገኛል። ይህ ዓመት አይደለም፣ የጥይቱ ዓይነት ነው፤ ማርክ 7 ማለት ነው። "የፋሺስት ዘመን 7ኛ ዓመት" ተብሎ ከተጻፈ የእንግሊዙ ጥይት በአንድ ጊዜ ጣልያን ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ዓመቱ የተሠራበት እንጂ የተተኮሰበት አለመሆኑ ነው። ጥይት በመጋዘን አሥርና ሃያ ዓመት ይቆያል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ቀለሃ በ1941 ተተኩሶ ቢገኝ የሚገርም አይደለም። ዓመቱ የሚናገረው ከዚያ በፊት ሊሆን እንደማይችል ብቻ ነው። ወደ ኋላ ያለውን ገደብ የሚሰጠን ታሪኩ ነው። ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. እንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ የስዊዝ መንገድ ተዘጋባት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በአየር ከሚመጣ ጥቂት ነገር በቀር ከባድ ጭነት አልገባም። ስለዚህ 1941 ወይም 1942 የተመታበት የጣልያን መድፍ ቀለሃ "የጅማ ጦርነት ማስታወሻ" ተብሎ ሲሸጥ፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆንም ታሪኩ ውሸት ነው። ከሌላ ግንባር ዞሮ የመጣ ነው።

መለካት

ጽሑፉ ጨርሶ ከጠፋ ካሊፐር፣ ስፋት በሚሊ ሜትር የሚለካው መሣሪያ፣ ይናገራል። ጣልያኖች መድፋቸውን የሚጠሩት በሁለት ቁጥር ነው፦ የአፉ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ከዚያም የአፈሙዙ ርዝመት በዚያው ስፋት ተለክቶ። 47/32 ማለት አፉ 47 ሚሜ፣ አፈሙዙ የዚያ 32 እጥፍ፣ 1,504 ሚሜ ማለት ነው። 65/17 በተመሳሳይ 1,105 ሚሜ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች መቀመጫው ላይ ሲገኙ ቀንና ወር ወይም ክፍልፋይ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

የቀለሃው አፍ ውስጡ ይለካል፣ አረሩ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። አፉ ብዙ ጊዜ የተጨማደደ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ተለክቶ አይበቃም፤ በመስቀለኛ ሁለቴ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው። ትከሻ ያለው፣ ማለት አንገቱ የጠበበ ቀለሃ ከሆነ ሆዱን ለክቶ መድፉን መገመት አይቻልም። የአበባ ማስቀመጫ ለማድረግ አንገቱ የተቆረጠ ቀለሃ ላይ ደግሞ ቁመቱም አፉም ዋጋ የላቸውም። የመቁረጫ ምልክት አፉ ላይ ይፈለግ፤ የፋብሪካ አፍ ስስና እኩል ነው፣ የመጋዝ አፍ ወፍራምና ጭረት ያለበት ነው።

47 ሚሜ አፍና 227 ሚሜ ቁመት ከተገኘ የ47/32 ፀረ ታንክ መድፍ ነው፤ ዲዛይኑ የኦስትሪያው የበህለር ኩባንያ ነው፣ ጣልያን ውስጥ በፈቃድ ተሠርቷል። 65 ሚሜ አፍና 172 ሚሜ ቁመት የ65/17 ነው፤ በበቅሎ የሚጫን የተራራ መድፍ። 20 ሚሜ አፍ፣ 138 ሚሜ ቁመት፣ ከመቀመጫው በላይ እንደ ቀበቶ ወጣ ያለ ቀለበት ካለው የብሬዳ 20/65 ነው፤ አውሮፕላንንም በመሬት ያለ ዒላማንም ለመምታት ይተኮስ ነበር። አጭርና ሰፊ፣ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሚጎላ ከሆነ የሃውዘር፣ ማለትም አረሩን ወደ ላይ አጉኖ የሚተኩስ አጭር መድፍ፣ ቀለሃ ይሆናል፤ ሃውዘር እንደ ርቀቱ ባሩዱ ስለሚቀነስና ስለሚጨመር ረጅም ቀለሃ አያስፈልገውም። 100/17 እንዲህ ያለው ነው።

ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ጣልያን ከኦስትሪያና ሀንጋሪ የወሰደቻቸው መድፎች ብዙ ናቸው፤ 75/13፣ 77/28፣ 100/17 ሁሉም ከዚያ ናቸው። 77/28 ስሙ 77 ይባል እንጂ እውነተኛ አፉ 76.5 ሚሜ ነው። ካሊፐሩ 76.5 ሲል ተሳሳትኩ ብሎ ቁጥሩን ማስተካከል አይገባም። ከ75/27 ጋር ያለው ልዩነት 1.5 ሚሜ ብቻ ስለሆነ፣ አፉ የተጨማደደ ቀለሃ ላይ በአፍ ልኬት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ቁመቱና መቀመጫው ካልረዱ "75 ወይም 77" ብሎ መጻፍ ይሻላል። ልኬቱ 84 ወይም 88 ገደማ ከወጣ 18 ወይም 25 ፓውንደር የሚባለው የእንግሊዝ መድፍ ይጠርጠር። የዶሮ እግር የምትመስል ሦስት ጭረት ቀስት መቀመጫው ላይ ካለች ጥርጣሬው አበቃ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት።

ትናንሾቹ

የጠመንጃና የመትረየስ ቀለሃ በብዛት ስለሚገኝ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። 52 ሚሜ ቁመት ያለው፣ ጠርዙ ከሆዱ ጋር እኩል የሆነና ከመቀመጫው በላይ ቦይ ያለው የካርካኖ 6.5 ነው። ጥይቱ ስድስት ስድስት ሆኖ በቅንጥብ ይታሰር ነበር፤ የካርካኖው ቅንጥብ ላይና ታች የለውም፣ በየትኛውም በኩል ይገባል። 57 ሚሜ ከሆነ የማውዘር 7.92 ነው፤ ይህ ከወረራው በፊት የገባው ነው፣ ኤፍ-ኤን የሚል ከሆነ የቤልጅጉ ፋብሪካ። 56 ሚሜ ሆኖ ጠርዙ ከሆዱ ወጣ ካለ የእንግሊዝ 7.7 ነው። ግን የጣልያን አየር ኃይል መትረየሶችም ይህንኑ 7.7 ይተኩሱ ነበር፤ የአውሮፕላን ሜዳ በነበረበት ከተማ አጠገብ ኤስ-ኤም-አይ የተመታበት የእንግሊዝ ዓይነት ቀለሃ ቢገኝ ስሕተትም ሐሰትም አይደለም። 50 ሚሜና ባለ ጠርዝ ከሆነ ከኦስትሪያ የተወረሰው 8 ሚሜ ማንሊኸር ነው። ቁመቱ 59 ሚሜ ያህል፣ አፉ 11 ሚሜ ገደማ፣ ጠርዙ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የአያቶቻችን ውጅግራ ነው፤ የጣልያን አይደለም።

ሌላው 59 ሚሜ ቀለሃ 8 ሚሜ ብሬዳ ነው፤ ጠርዙ ከሆዱ ትንሽ የጠበበ ነው። ብሬዳ 37 የሚባለው መትረየስ አንድ እንግዳ ጠባይ ነበረው። ሃያ ጥይት በያዘች የብረት ሰሌዳ ይጎርሳል፤ ከተኮሰ በኋላ ባዶውን ቀለሃ አይጥለውም፣ እየመለሰ ሰሌዳው ላይ ያስቀምጠዋል። የተኳሹ ረዳት ሰሌዳዋን እንደገና ለመሙላት መጀመሪያ ባዶዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ነበረበት። ለዚህ ነው የብሬዳ 8 ሚሜ ቀለሃ እንደ ሌላው ተበትኖ ሳይሆን አንድ ቦታ ተከምሮ፣ አንዳንዴም ከነሰሌዳው የሚገኘው። ተደርድሮ ሲታይ ያልተተኮሰ ይመስላል፤ አፎቹ ላይ አረር መኖር አለመኖሩን ሳያረጋግጡ መንካት አይገባም።

የወታደር ቀለሃ ይሁን በኋላ ለአደን የተሠራ ለማወቅ ውስጡን በባትሪ ማየት ነው። የጣልያን ጦር ቀለሃ ወለሉ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ የሌላ አገር ወይም የሌላ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል።

ቡና የሚወቀጥበት ቀለሃ

ሙቀጫ የሆነ የመድፍ ቀለሃ ቤት ውስጥ ካለ ይገልበጥና ካፕሱሉ ይታይ። መሐሉ በመርፌ ተመትቶ ከጎደጎደ ተተኩሷል። ለስላሳና ድፍን ከሆነ ግን አልተመታም፤ ባሩዱ ወጥቶ ካፕሱሉ ብቻውን ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ የዘነዘናው ምት ደግሞ የሚያርፈው በቀጥታ ከእሱ በላይ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ካፕሱሉ ወጥቶ ቀዳዳ ከሆነና ቀዳዳው ተደፍኖ ከሆነ፣ በምን እንደተደፈነ ይጣራ። ለስላሳ፣ ግራጫ፣ በጥፍር የሚጫር ከሆነ እርሳስ ነው፤ በየውቀጣው ከቡናው ጋር ይገባል። የዚያ ዘመን ካፕሱል ብዙ ጊዜ የሜርኩሪ ቅመም ስለነበረበት የተተኮሰውም ቢሆን ውስጡ ንጹሕ ነው አይባልም። ለጌጥ ይሁን፤ ለቡና የእንጨቱ ሙቀጫ አለ።

መሬት ውስጥ የተገኘ

የባሕር ዛፍ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የቤት መሠረት ሲወጣ ወይም ጎርፍ ዳገት ሲንድ አረር ብቅ ሊል ይችላል። አረርና ቀለሃን የሚለየው ቅርጹ ነው፤ አረሩ ሹል ወይም ድቡልቡል አፍንጫ አለው፣ ከታች በኩል በመዳብ ቀለበት ታጥቋል። ቀለበቱ ላይ ሰያፍ ቦዮች ተቀርጸው ከታዩ በመድፍ ውስጥ አልፏል፣ ማለትም ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ነው፤ ፊውዙ፣ ማለትም አረሩን የሚያፈነዳው መሣሪያ፣ ሥራውን ጀምሮ አልጨረሰም። ቀለበቱ ለስላሳ መሆኑ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ይህን ለማየት ብሎ አፈር መጥረግም ሆነ መገልበጥ አይፈቀድም፤ ካለበት ካልታየ አይታይ።

አካፋው ብረት ሲነካ ድምፁ ድንጋይ ካልመሰለ ቁፋሮው እዚያው ይቁም፣ አካፋውም ካለበት አይነቀል። ሰዎች በመጡበት ዱካ ይመለሱ። ቦታው ከሩቅ በሚታይ ነገር፣ በእንጨትና በቀይ ጨርቅ፣ ምልክት ይደረግበት፤ እንጨቱ አጠገቡ አይተከል፣ መንገዱ ላይ ይሁን። ፎቶ የሚነሣው ከቆሙበት ሆኖ በማጉላት ነው። ለቀበሌና ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሲነገር የሚጠቅመው የዕቃው ስም ሳይሆን ሌላ ነው፦ ቦታው የት ነው፣ ቁመቱ በክንድ ወይም በስንዝር ሲገመት ስንት ነው፣ ተነክቷል ወይስ አልተነካም፣ በአቅራቢያው ቤት ወይም ትምህርት ቤት አለ ወይ፣ ልጆችና ከብት የሚያልፉበት ነው ወይ። የጣልያን ይሁን የእንግሊዝ፣ ቀይ ይሁን ቢጫ፣ እሱን የሚለየው ሊያነሣው የመጣው ባለሙያ ነው።